ቴፍሎን የተቀባ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ8 ወር በኋላ፦ በቀቀን ላለበት ቤት ይሆናል?

እንጀራ በመጋገር በኩል እንከን አይወጣለትም። ማሰሻም ጎመንዘርም ሳይፈልግ ይላቀቃል፣ ዓይኑ ከዳር እስከ መሃል እኩል ነው፣ ጽዳቱም በእርጥብ ጨርቅ ያልቃል። በስምንተኛው ወር መሃሉ ትንሽ ደብዝዟል፤ ብረት ስላልነካው ግን አልተላጠም። ቤት ውስጥ ወፍ ከሌለ ከዚህ በላይ የሚባል ብዙ የለም።

ወፍ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ሽፋኑ ፒቲኤፍኢ (የቴፍሎን ኬሚካላዊ ስም) ነው፤ ከመጠን በላይ ሲግል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፦ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መበላሸት ይጀምራል፣ 350 ካለፈ ደግሞ በፍጥነት ይበታተናል። የምጣዱ መቆጣጠሪያ የመጨረሻ ቁጥር 500 ፋራናይት ነው፤ ይህም ያው 260 ነው። ሊጥ ላዩ ላይ እያለ የሚተነው ውሃ ያበርደዋል። የሚያሰጋው ባዶውን ሲቆይ ነው፦ መጀመሪያ ሲሞቅ፣ ሊጡ እንደገና ሲቀጠን፣ ስልክ ሲመጣ። በዚያ ላይ መቆጣጠሪያው ኤሌክትሪኩን ቢያቋርጥም ብረቱ ከተቀመጠለት ቁጥር ትንሽ አልፎ ሊግል ይችላል።

የወፍ ሳንባ አየርን በአንድ አቅጣጫ ስለሚያሳልፍ ወደ ውስጥ ስትስብም ስታስወጣም ኦክስጅን ትወስዳለች፤ መርዙንም እንደዚያው። ሰውን ከሰዓታት በኋላ እንደ ጉንፋን ብርድ ብርድ የሚያሰኘው ጋዝ ኮካቲየል ወይም በጅሪጋር የሚባሉትን ትንንሽ በቀቀኖች በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል። ሽታ እስኪመጣ መጠበቅ አያዋጣም።

የሚሠራው አጠቃቀም፦ መቆጣጠሪያው 425 ፋራናይት (218 ሴንቲግሬድ ገደማ) ላይ፣ ከዚያ አይዘልም። ዓይኑ ጥቂት ይቀንሳል፣ አንዱ እንጀራም ትንሽ ይዘገያል። በየመሃሉ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለክቶ 230 ሴንቲግሬድ ከደረሰ መንቀል። ጋገራው ጋራዥ ውስጥ፣ የውጭው በር ተከፍቶ፣ ወደ ቤት የሚያስገባው ተዘግቶ። ወፏን መኝታ ቤት መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ የማሞቂያው ቱቦ የአንዱን ክፍል አየር ለሌላው ያዳርሳል። አየሩን አጣርቶ እዚያው የሚመልስ የምድጃ ማራገቢያም ለዚህ አይረዳም።

ካርቶኑ ላይ «ከፒኤፍኦኤ ነፃ» የሚለው አያታልል። ፒኤፍኦኤ ሽፋኑ ሲመረት ይገባ የነበረ ኬሚካል ነው፤ ፒቲኤፍኢው ግን አሁንም አለ።

ወፏ አፏን ከፍታ ካለከለከች፣ ጭራዋ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ ወይም ከመቆሚያዋ ከወደቀች ወዲያው ወደ ንጹህ አየር፣ ከዚያም ወፍ ወደሚያክም ሐኪም። ማርከሻ የለውም፤ የሚሰጣት ኦክስጅን ነው።

ገና ያልገዛ ሰው ሽፋን የሌለው አሉሚኒየም ወይም የሸክላ ምጣድ ቢይዝ ይሻላል። የጎመንዘሩ ጭስም ቢሆን ለወፍ ስለማይስማማ ያኔም መስኮት መክፈት አይቀርም።