ከነስኮፑ የሚሸጥ ጠመንጃ ልትገዙ ነው? ቆይ ቆይ!

ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ኖቬምበር ላይ የነቢያት ጾም ሳይገባ አጋዘን ልታድኑ የመጀመሪያ ጠመንጃችሁን ለመግዛት ያሰባችሁ ልጆች፣ ይቺን ሳታነቡ ሱቅ እንዳትገቡ። እኔ ባለፈው ዓመት 480 ዶላር ከስክሼ ነው የተማርኩት።

ሻጩ ያሳየኝ ስኮፑ (አቅርቦ የሚያሳየው ማነጣጠሪያ) ከላይ ተገጥሞለት የተዘጋጀ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። «ከሦስት እስከ ዘጠኝ እጥፍ ያቀርባል፣ እዚሁ አስተካክለንልሃል፣ ጫካ መግባት ብቻ ነው የቀረህ» አለኝ። የተበላሁት «አስተካክለንልሃል» የምትለዋ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚያደርጉት ስኮፑን ከአፈሙዙ ጋር በግምት ወደ አንድ አቅጣጫ ማምጣት ነው። የመጀመሪያዋ ጥይት ወረቀቱን እንድታገኝ ይረዳል፣ በቃ። ዒላማው መሀል የምታስገቡት ራሳችሁ ናችሁ፣ መለማመጃ ቦታ ሄዳችሁ፣ በዚያው በምታድኑበት ጥይት።

ሄድኩ። በ25 ያርድ ጀመርኩ። ስኮፑ ላይ ያለችው ማስተካከያ አንዴ ቀጭ ስትል 100 ያርድ ላይ ሩብ ኢንች ያህል ታንቀሳቅሳለች፣ ስለዚህ 25 ያርድ ላይ አንድ ኢንች ለመሄድ 16 ጊዜ ቀጭ ማድረግ አለባችሁ። አደረግኩ። ተኮስኩ። ጥይቷ ንቅንቅ አላለችም። ጨመርኩ፣ አሁንም ያው። ከዚያ በሦስተኛው፣ ምንም ሳልነካት፣ ዘላ ሌላ ጥግ ላይ አረፈች። ለካ ርካሽ ስኮፕ ውስጥ ያለው ሞላ ይይዝና ጠመንጃው ሲረግጥ ነው የሚለቀው። ሃያ ጥይት ያለው ፓኬት አለቀ፣ እኔም ተስፋ ቆረጥኩ ግን «ይሆናል» ብዬ ጫካ ገባሁ (ሞኝነቴን እወቁልኝ)።

ጎህ ሲቀድ አጋዘኑ 40 ያርድ ላይ መጣ። ስኮፑ ዘጠኝ ላይ ነበር። የታየኝ ጸጉር ብቻ ነው! ጀርባው ይሁን ሆዱ አልገባኝም፣ ወደ ሦስት ስመልሰው ደግሞ መስታወቱ ጉም ለብሷል። በጨርቅ ጠረግኩት፣ አልለቅ አለ። ከውጭ የሚያርፍ ጉም ማንኛውም ስኮፕ ላይ ይመጣል፣ ይጠረጋል። ከውስጥ ከሆነ ግን ስኮፑ አየር አስገብቷል ማለት ነው፣ አለቀለት።

በቃ ነቅዬው በብረቱ ማነጣጠሪያ ልተኩስ አልኩ። የቱ ብረት? አፈሙዙ መላጣ ነው! አሁን የሚወጡት ብዙዎቹ ባለመቀርቀሪያ የአደን ጠመንጃዎች የፊትም የኋላም ማነጣጠሪያ የላቸውም። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አላየሁም። አባቴ እድሜ ልኩን በምንሽር ሲያነጣጥር እያየ ያደገ ልጅ ይሄን አለማየቱ ያሳፍራል።

ሱቁ ስመለስ «ከተተኮሰበት አንመልስም፣ የስኮፑን ነገር አምራቹን ጠይቅ» አሉኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትተኩሱበትን ርቀት እወቁ። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ከ80 ያርድ በታች ከሆነ የብረቱ ማነጣጠሪያ ይበቃል፣ ዝናብ አያበላሸውም፣ ባትሪ የለው ምን የለው። ችግሩ አይን ነው። የኋላውን ስንጥቅ፣ የፊቱን ጫፍና አጋዘኑን እኩል ጥርት አድርጎ ማየት አይቻልም፣ ጥርት ማለት ያለበት የፊቱ ጫፍ ነው። እድሜያችሁ አርባን ካለፈ ደግሞ እሱም ይደበዝዛል፣ ያኔ ስኮፕ ቅንጦት አይደለም። ሲመሽም ስኮፕ ይሻላል፣ ግን ማቅረቢያውን ዝቅ አድርጉት፦ 40 ሚሊ ሜትር መስታወት በዘጠኝ እጥፍ ሲሆን ወደ አይን የሚመጣው ብርሃን ስፋቱ 4.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ በአራት እጥፍ ግን 10።

ስኮፕ ከፈለጋችሁ ለብቻው ግዙ፣ በደንብ ከፍላችሁ። ጠመንጃው ደግሞ የብረት ማነጣጠሪያ ያለው ይሁን። እኔ ያንን ሸጬ ያገለገለ ባለ ማንሻ ጠመንጃ ገዛሁ፣ 30-30 የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ፣ ቀለሁን በጎን የሚተፋ፣ ወደፊት ስኮፕ ላድርግበት ብል እንዲመች። ቀለህ ወደ ላይ የሚተፉት የድሮዎቹ ላይ ስኮፕ መሀል ለመሀል አይቀመጥም፣ እሱንም ሳትጠይቁ እንዳትከፍሉ።

ያኛውን ስኮፕ የሚገዛኝ አላገኘሁም። ልጄ በረንዳ ላይ ወፍ ያይበታል፣ ጠዋት ጠዋት ግን «አባ፣ ጉም ብቻ ነው» ይለኛል።