ለድሮ ኒሳን 300ዜድኤክስ መኪና ኢንጀክተር የምትፈልጉ፣ ይሄን ሳታነቡ ካርዳችሁን እንዳታወጡ

እኔ ተበልቻለሁ። እናንተ እንዳትበሉ ነው የምጽፈው።

ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። የ1991 ኒሳን 300ዜድኤክስ አለኝ፣ ባለ ሁለት ቱርቦው። ባለቤቴ «ሁለተኛዋ ሚስትህ» ትላታለች፤ ወጪዋን ስታይ ደግሞ ሌላም ትላለች። ባለፈው መጋቢት መኪናዋ ቆማ ሞተሯ ሲሠራ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደህና ነው። ሲሞቅ ከስድስቱ ሲሊንደር አንዱ ይተኛል፣ አይሠራም። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጀክተር ነው ማለት ነው። በእነዚህ መኪኖች የታወቀ በሽታ ነው፤ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ሽፋኑ በዕድሜ ይበላሻል። እዚህ ቤንዚን ውስጥ የሚገባው ኢታኖል ደግሞ ያፋጥነዋል ይባላል።

ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንድ ማስታወቂያ አገኘሁ። «ከ1990 እስከ 1996 ለሁሉም 300ዜድኤክስ ይገጥማል። የታደሰ፣ የተፈተሸ። 6 ፍሬ፣ 180 ዶላር።»

ውሸቱ እዚያው ላይ ተጽፎ ነበር። ኒሳን 1994 አካባቢ የኢንጀክተሩን ዓይነት ቀይሯል። የድሮውና የአዲሱ ሶኬት አንድ አይደለም። ባለ ቱርቦውና ቱርቦ የሌለው ሞተርም የሚረጩት የነዳጅ መጠን ይለያያል። ስለዚህ «ለሁሉም ይገጥማል» የሚባል ነገር የለም። ይሄን አውቅ ነበር። ግን 180 ዶላር ስታይ ዓይንህ ሌላውን መስመር ይዘለዋል።

ዕቃው መጣ። አዲስ ሰማያዊ ቀለም፣ አዲስ ኦሪንግ፣ እያንዳንዱ በየላስቲኩ። የሰርግ ዕቃ ይመስላል። ሳልለካ ገጠምኩት።

ይቺን መኪና የማያውቅ ሰው ካለ፣ ኮፈኑን ስትከፍቱ ከላይ የሚታያችሁ ትልቅ የአሉሚኒየም አየር ማስገቢያ አለ። እሱ ካልተነሳ ኢንጀክተሮቹን አታገኟቸውም። ቱቦው፣ ሽቦው፣ ጋስኬቱ፣ ሰላሳ ዓመት የደረቀ ፕላስቲክ ሶኬት በእጅህ ላይ ሲፈረካከስ... ቅዳሜና እሁዴ እዚያ አለቀ። እሁድ ማታ አስነሳኋት። መንቀጥቀጡ ብሶ ቁጭ! አሁን ሁለት ሲሊንደር ተኝቷል። ወዲያው አጠፋሁ። በዚህ ብቻ ነው ራሴን የማመሰግነው፤ ነዳጅ ያነሰው ሲሊንደር ላይ ቱርቦ ተጨምሮ ብነዳት ፒስተኑ ይበላሽ ነበር።

በማግስቱ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ቴስተራቸውን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያቸውን፣ ይዘው መጡ። አየር ማስገቢያውን ለሁለተኛ ጊዜ አነሳነው። የዚህ መኪና ኢንጀክተር ከ10 እስከ 14 ኦም (ሽቦው ኤሌክትሪክ የሚቋቋምበት መጠን) ማሳየት አለበት። አራቱ 12 አካባቢ አሳዩ። አምስተኛው 8.1። ስድስተኛው 2.4።

ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ አንዱን ነቅለው በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ቀለሙ ተላጠ። ስሩ ዝገት ነው፤ የዕቃው ቁጥር በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ጠፍቷል።

«ስማ ልጄ፣ ይሄ እድሳት አይደለም። ኩል ነው የተኳለው።»

2.4 ኦም ቀልድ አይደለም። በ12 ቮልት 12 ኦም ላይ የሚያልፈው 1 አምፔር ነው። 2.4 ላይ 5 አምፔር ይሆናል። የሞተሩ ኮምፒውተር ለዚያ አልተሠራም፤ ብዙ ከሠራ ሊቃጠል ይችላል። የዚህን ዘመን ኮምፒውተር ደግሞ ፈልጋችሁ ግዙ እስኪ።

ለሻጩ ጻፍኩለት። መልሱ አንድ መስመር ናት፦ «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም።» ለካ ማስታወቂያው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል አለች። ወጥመዱ እሷ ናት። ካልለካህ ሳትገጥም ብልሽቱን አታውቅም፣ ከገጠምክ አይመልስልህም።

ስለዚህ ዕቃው እንደደረሰ፣ ገና ጠረጴዛ ላይ እያለ ለኩት። ሀያ ዶላር የማይሞላ ቴስተር ይበቃል። እየለካችሁ በስልካችሁ ቅረጹት፣ ለክርክር ይጠቅማል። ዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥር የማይነበብ ከሆነ ለመለካትም አትድከሙ፣ በዚያው መልሱት። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የፍሰት ፈተና ወረቀት ጠይቁ፤ እያንዳንዱ ኢንጀክተር በደቂቃ ስንት ሲሲ እንደረጨ የሚያሳይ። በስድስቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ2 እስከ 3 በመቶ ካልበለጠ ጥሩ ነው። «ፈትሼዋለሁ» ብሎ ወረቀት የሌለው ሰው አልፈተሸም።

የድሮዎቹንም አትጣሉ። እኔ የራሴን ስድስት አጥቦ ለሚፈትሽ ባለሙያ በፖስታ ላክሁ። አራቱ ደህና ሆነው ተመለሱ። ሁለቱን ብቻ ወረቀት ካለው ሰው ገዛሁ። ጋስኬትም ድጋሚ ገዝቼ አየር ማስገቢያውን መለስኩት። አሁን መኪናዋ ስትነሳ መሪው ላይ ቡና ብታስቀምጡ አይደፋም። እሺ፣ ትንሽ አጋነንኩ።

ዛሬ ጠዋት ያንን ማስታወቂያ አየሁት። አሁንም አለ። ያው ፎቶ፣ ያው ሰማያዊ ቀለም። ዋጋው 20 ዶላር ጨምሯል።