ቬፑ ከወራት በኋላ፦ ሳሌ አልለቀቀኝም

ሲጃራ ባጨስኩባቸው አመታት ሁሉ እንደዚህ አስሎኝ አያውቅም። ሲጃራ ትቼ ቬፕ፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክ ሲጃራ፣ መያዜን ያየ ሁሉ "እቃው እንዴት ነው?" ይለኛል፣ ስለዚህ ለሁሉም አንዴ ልጻፈው።

እቃው እንደ እቃ ምንም አይልም። ፈሳሽ እየሞላህ ፖዱን (ፈሳሹ የሚቀመጥበትን ክፍል) እየቀየርክ የምትጠቀምበት አይነት ነው፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይይዛል፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ መብራት ሲጠፋም በፓወር ባንክ ቻርጅ ታደርገዋለህ፣ ኮይሉ (ፈሳሹን የሚያግለው ሽቦ) እስካልተቃጠለ ድረስ ጣዕሙም ደህና ነው። ለጎጃም ሰው ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ፣ አባይ በረሃን ይዘኸው እንዳታቋርጥ። ከአዲስ አበባ ስትመጣ ድልድዩ ጋ ወርደህ ከዚያ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ትወጣለህ፣ ከፍ ባልክ ቁጥር የውጭው የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ፖዱ ውስጥ የቀረው አየር ይለጠጥና ፈሳሹን ገፍቶ ያስወጣዋል፣ ደጀን ላይ ከመኪና ወርደህ ስትስበው ጭሱ ቀርቶ ፈሳሹ አፍህ ይገባል። ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽ ነው፣ ምላስ ያቃጥላል፣ ተፍተህ አፍህን መጉመጥመጥ ነው። ከጉዞ በፊት ፖዱን ባዶ ካደረግከው ችግር የለውም። ይሄ ትንሹ ነገር ነው።

ትልቁ ሳሉ ነው።

ጥሩውን አልክድም። በሲጃራ ጊዜ ጠዋት ጠዋት የሚወጣው ጠቆር ያለ አክታ ጠፍቷል፣ የቡና ሽታ ተመልሶልኛል፣ ጃኬቴም አይሸትም። ምክንያቱም ግልፅ ነው፣ ቬፕ ውስጥ የሚነድ ቅጠል ስለሌለ ሬንጁም፣ ያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት ጋዝም የለም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ሳሉ ሲብስብኝም አልደነገጥኩም። አየር ቧንቧ ውስጥ አቧራና አክታ ጠርገው ወደ ላይ የሚያወጡ ሲሊያ የሚባሉ በአይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ፣ ሲጃራ ያደነዝዛቸዋል፣ ሲጃራው ሲቆም ይነቁና መጥረግ ይጀምራሉ፣ ለዚህ ነው ሲጃራ የተወ ሰው ለጊዜው ሳል የሚብሰው። የሸጠልኝም ልጅ ደውዬ ስነግረው "ወንድሜ ሳንባህ እየታጠበ ነው፣ ደስ ይበልህ" አለኝ። እሺ፣ እየታጠበ ነው አልኩ።

ግን አጠባው መቼ ነው የሚያልቀው? ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ወራት ሆነ፣ ሳሉም መልኩን ቀየረ። መጀመሪያ አክታ ያለው ሳል ነበር፣ በኋላ አክታው ጠፋና ደረቅ ሆነ፣ በርበሬ እሳት ላይ ሲወድቅ እንደሚያስለው አይነት፣ ጉሮሮን ከርክሮ የሚጀምርና አይን እስኪያስለቅስ የማይቆም። በሳብኩ ቁጥር ይመጣል፣ ማታ ስጋደም ይመጣል፣ ስስቅ ይመጣል፣ ቅዳሴ ላይ ይዞኝ ከቤተክርስቲያን ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆሜ አስቀድሻለሁ። ከዚያ ደግሞ ዳገት ስወጣ ደረቴ ሲር ሲር ማለት ጀመረ፣ ይሄ በሲጃራ ጊዜ አልነበረም። እማዬ ጦስኝ አፍልታ ማር ጨምራ "ብርድ መቶህ ነው ልጄ፣ ጋቢ ደርብ" ትለኛለች፣ ማርቆስ ደግሞ ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ 2,400 ሜትር ላይ ያለ ከተማ ነው፣ ማንም ሰው ሲያስለው በብርድ ያሳብባል። ጦስኙ ለዚያች ሰዓት ያለሰልሳል፣ ከዚያ ስትስብ እንደገና ነው።

እዚህ ላይ ነው ከዚያ ሻጭና ከመሰሎቹ ጋር የምጣላው። "ሳንባህ እየታጠበ ነው" የሚለው ነገር ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነት ነው፣ ከዚያ በኋላ ግን ሰውን ሀኪም ቤት እንዳይሄድ የሚያደርግ ማደንዘዣ ነው። በእኛ አገር ሳል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ የመጀመሪያው ጥያቄ ቲቢ ነው፣ ይሄን የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ሲያስተምሩት የኖሩት ነገር ነው። እኔም ጤና ጣቢያ ሄጄ ሳሉ ወራት እንደሆነው ስነግራት ነርሷ ቆጣ ብላ "እስካሁን የት ነበሩ?" አለችኝ። አክታ ሰጠሁ፣ ቲቢ የለም ተባለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ቢኖርስ? ቤት ውስጥ ልጆች አሉ፣ አሮጊት እናት አለች፣ ያ ልጅ በስልክ "ደስ ይበልህ" ሲለኝ ይሄን ሁሉ ያውቅ ነበር? ቬፕ ይዛችሁ የምትስሉ ሰዎች "ሲጃራ ስለተውኩ ነው" እያላችሁ እንዳትቀመጡ፣ ምርመራው በመንግስት ጤና ጣቢያ ነፃ ነው።

ኤክስሬዩም ንፁህ ሆነ፣ ሳሉ ግን አለ። በመጨረሻ ወደ ባህር ዳር ተላክሁ፣ እዚያ ስፓይሮሜትሪ የሚሉት የትንፋሽ ምርመራ ተሰራልኝ። አፍንጫህን ይቆነጥጡና ቱቦ አፍህ ላይ አድርገው በደንብ አየር ሳብ ካሉህ በኋላ ያለህን በሙሉ በአንዴ ንፋ ይሉሃል፣ አልቋል ስትል "አሁንም፣ አሁንም፣ ጨርሱት" ይሉሃል፣ እኔ ደግሞ መሃል ላይ ሳል እየያዘኝ ስንቴ ተደገመ። በመጀመሪያዋ ሰከንድ የማወጣው አየር ከእድሜዬና ከቁመቴ አንፃር ከሚጠበቀው ያነሰ ሆነ፣ ሳልቡታሞል የሚባለውን የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት አስስበውኝ ሲደግሙት ተሻሻለ። የአየር ቧንቧዬ ተቆጥቶ ጠብቧል ማለት ነው። ዶክተሯን "የሲጃራው ነው የቬፑ?" ብዬ ጠየቅኳት። "ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ ግን ሲጃራውን ትተውታል፣ አሁን በየቀኑ የሚያስቆጣው ይሄኛው ነው፣ ይሄን መቼ ነው የሚተዉት?" አለችኝ።

አሁን ያንን ሻጭ ፊት ለፊት ባገኘው የምለውን ልበል። "የውሃ እንፋሎት ብቻ ነው" ብለኸኛል፣ አይደለም። ውሃ ቢሆን ጠርሙሱ ላይ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ብሎ አይጽፍም ነበር፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል እርጥበት የሚመጥ ነገር ነው፣ አፍና ጉሮሮ የሚያደርቀው ለዚህ ነው፣ ኮይሉ ፈሳሽ ሲያጣና ሲቃጠል ደግሞ ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን የሚባሉ አየር ቧንቧ የሚያቃጥሉ ነገሮች ይወጣሉ። "ፍሌቨሩ ኬክ ላይ የሚደረገው ነው፣ የሚበላ ነገር ነው" ብለኸኛል። የሚበላ ሁሉ አይሳብም። ዳይአሲቲል የሚባል የቅቤ ጣዕም የሚሰጥ ኬሚካል አለ፣ ስትበላው ችግር የለውም፣ አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ግን የፈንዲሻ ፋብሪካ ሰራተኞች እንፋሎቱን ስበው ጥቃቅን የአየር ቧንቧቸው ጠባሳ ይዞ እንደተደፈነ በ2000 እ.ኤ.አ ታወቀ፣ እንግሊዝም በኋላ ቬፕ ፈሳሽ ውስጥ እንዳይገባ ከልክላዋለች። የኔ ጠርሙስ ቫኒላ ካስታርድ ነበር፣ "ፍሌቨር" ብሎ ይጽፋል እንጂ ምን ፍሌቨር እንደሆነ አይናገርም።

"እንግሊዞች 95 ፐርሰንት ከጉዳት ነፃ ነው ብለዋል" ደግሞ ብለኸኛል። በ2015 እ.ኤ.አ የእንግሊዝ የህዝብ ጤና ተቋም ያለው ከሲጃራ 95 ፐርሰንት ገደማ ያነሰ ጉዳት አለው ነው። ከሲጃራ! ከንፁህ አየር ጋር አይደለም ያወዳደሩት። እነሱ ደግሞ የኒኮቲኑን መጠን በሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊግራም እንዳያልፍ በህግ ወስነዋል፣ አንተ የሰጠኸኝ ጠርሙስ ላይ 50 ይላል። ያውም ኒኮቲን ሶልት የሚሉት፣ ጉሮሮ ስለማይነክስ ከሲጃራ በላይ የምትስበው አይነት። ሲጃራ አንድ ፍሬ ለኩሰህ ያልቃል፣ ትጥለዋለህ፣ ይሄኛው ማለቂያ የለውም፣ አልጋ ውስጥ ትስባለህ፣ ሽንት ቤት ትስባለህ፣ ባጃጅ ውስጥ ትስባለህ፣ ሳንባ የሚያርፍበት ሰዓት የለም። ሳሉ ደረቅ ሆኖ የቀረው በዚህ ይመስለኛል።

ህጉን አንስቼው ልለፍ። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጃራ ወደ አገር ማስገባትም መሸጥም ከልክሏል። ያም ሆኖ በሻንጣ ይገባል፣ በቴሌግራም ይሸጣል። ለተጠቃሚው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፣ ፈሳሹን ያየው ላቦራቶሪ የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ታመምኩ ብለህ የምትከሰው ሱቅ የለም። ከ2019 እስከ 2020 እ.ኤ.አ መጀመሪያ ድረስ አሜሪካ ውስጥ በቬፕ ምክንያት ከ2,800 በላይ ሰው በሳንባ ጉዳት ሆስፒታል ገባ፣ 68 ሰው ሞተ። ዋናው ምክንያት የካናቢስ ፈሳሽ ውስጥ የተቀላቀለ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነበር፣ እና የኔ ፈሳሽ ካናቢስ አይደለም፣ አላምታታም። ግን እነዚያም ሰዎች ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ የነገራቸው አልነበረም።

ፍርዴ? ሲጃራውን መተዌ ትክክል ነው፣ ማንም ወደ ሲጃራ ተመለስ ቢለኝ አልሰማውም። እቃውን ግን አልመክርም፣ ለገንዘቡም ለሳንባዬም አዝኛለሁ። ከፋሲካ ወዲህ አልነካሁትም። ኒኮቲኑ ቀላል አልነበረም፣ ቡና ሲፈላ እጄ ኪሴ ውስጥ ይገባል፣ የሰው ፊት ያስጠላኛል፣ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት በተለይ ከባድ ነው። ሳሉ ግን ቀለል ብሏል፣ ማታ እተኛለሁ፣ ደረቴ ዳገት ላይ አሁንም አልፎ አልፎ ሲር ይላል፣ ዶክተሯ ለድጋሚ ምርመራ ቀጥራኛለች።

ማሽኑን ሽጥልን የምትሉኝ አላችሁ፣ አልሸጥም። ባለፈው የአጎቴ ልጅ ከፍኖተ ሰላም መጥቶ መሳቢያ ውስጥ አየው፣ ገና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ "አያ ጣዕሙን ብቻ ልየው፣ ሲጃራ አይደል" አለኝ። ይሄ ልጅ ሲጃራ ነክቶ አያውቅም፣ ከምን ሊያድነው ነው? እኔ እንኳ ከሲጃራ ሸሽቼ ነው፣ እሱ ከንፁህ አየር ነው የሚነሳው። አስቀምጬው የስፓይሮሜትሪውን ወረቀት አሳየሁት፣ መስመሩ የት መድረስ እንደነበረበትና የኔው የት እንደቀረ በጣቴ እያመለከትኩ፣ ከዚያ ኮይሉን እፊቱ ሰብሬ ጣልኩት።