ስምንት ወር ከብረት ድስቱ ጋር

ይህን ባለክዳን ወፍራም የብረት ድስት የገዛሁት ኅዳር ላይ ነው። ስምንት ወር ሞላው። ለገጣፎ፣ ቤታችን ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ እጋግርበታለሁ። ከዚያ በፊት ዳቦ ጋግሬ አላውቅም ነበር።

የፈለግሁት በቤት እርሾ ብቻ የተነሳ፣ ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሽ፣ ውስጡ ግን ለስላሳና ዓይናማ የሆነ ዳቦ ነው። ሊጡን ትንሿ የኤሌክትሪክ ኦቭኔ ውስጥ እንዲሁ ሳስቀምጠው ቆዳው ቶሎ ይደርቅና መነሳት ያቅተዋል። ድስቱ ይህን ፈታልኝ። ከሊጡ የሚወጣው እንፋሎት ክዳኑ ሥር ይታፈናል፤ ቆዳው ሳይደርቅ ሊጡ እስኪበቃው ይነፋል። ከዚያ ክዳኑን አንስቼ አቀላዋለሁ። ለእናቴ ስነግራት አልገረማትም። «ታዲያ ድፎ በኮባ የሚጠቀለለው፣ አክንባሎ የሚደፋበት ለምን ይመስልሻል?» አለችኝ።

መጠኔ ግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ 350 ግራም ውሃ፣ 100 ግራም እርሾና 10 ግራም ጨው ነው። ዱቄቱ አብዛኛው ፉርኖ ነው፤ ትንሽ ወፍጮ ቤት ያስፈጨሁት ስንዴ እጨምርበታለሁ። ባዶውን ድስት በ230 ዲግሪ በደንብ አግለዋለሁ። ከዚያ 25 ደቂቃ ተከድኖ፣ 20 ደቂቃ ተከፍቶ ይበስላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ግን ፈተና ነበሩ። የተከተልኩት አሠራር የዳቦው ውስጥ 97 ዲግሪ ሲደርስ አውጡት ይላል። የኔ መለኪያ 92 አካባቢ ይደርስና ቀጥ ይላል። አሥር ደቂቃ ጨመርኩ፣ ሌላ አሥር ጨመርኩ። ቅርፊቱ እንደ ጡብ ደረቀ። ለካ ነገሩ ከፍታው ነው። እኛ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ርጥበት እስካለው ድረስ የዳቦው ሆድ ከዚያ አያልፍም። አሁን 90 ሲል፣ ሥሩን በጣቴ መትቼ እንደ ከበሮ ድው ካለ አወጣዋለሁ። ሊጡም በከፍታ ቶሎ ኩፍ ስለሚል ሰዓት ማየት ትቼ ሊጡን ማየት ጀምሬያለሁ።

በጋለ ድስት ውስጥ ሊጥ መክተት ያስፈራል። ሁለት ጊዜ አንጓዬን አቃጥሎኛል። ኮባ ገላገለኝ። ሊጡን ቅጠሉ ላይ አድርጌ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዤ ቀስ አድርጌ አወርደዋለሁ። ቅጠሉ ይከስላል፣ ዳቦው ግን አይያዝም። ሽታው ደግሞ ቤቱን የበዓል ዋዜማ ያስመስለዋል።

ቅሬታም አለኝ። የክዳኑ ፕላስቲክ እጀታ በሦስተኛው ወር ተሰነጠቀ። ሻጩ ማንኛውንም ሙቀት ይችላል ብሎኝ ነበር፤ ስመለስ ግን ሊቀይርልኝ ፈቃደኛ አልሆነም። በጣም አናዶኛል። የሰፈራችን ብረታ ብረት ቤት በቡሎን ሠራልኝ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሳላደርቀው አድሮ ዛገ። ፈግፍጌ፣ ዘይት ስስ አድርጌ ቀብቼ፣ አንድ ሰዓት ኦቭን ውስጥ ሳቆየው ተመለሰ። ክብደቱም ቀላል አይደለም፤ እጁን ለሚያመው ሰው አልመክረውም።

በጣም የወደድኩት ግን አንድ ቅዳሜ መብራት ሲጠፋ ነው። ዳቦው ከገባ ገና 15 ደቂቃው ነበር። ኦቭኑን ሳልከፍት ተውኩት። መብራቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲመጣ ብረቱ ሙቀቱን ይዞ ቆይቷል፤ ዳቦው ተነፍቶ ማቅላት ብቻ ቀርቶት አገኘሁት።

ዛሬም ቢሆን እገዛዋለሁ፤ እጀታው ብረት የሆነውን መርጬ።