ለድፍን ፊን የትኛው ይሻላል? ባዶ እግር፣ ካልሲ ወይስ ኮንጎ ጫማ

በቀይ ባሕር ዳር ባለችው የእስራኤል ከተማ፣ ኤይላት ላይ፣ ከባሕር ዳር ተነስቶ ለሚጠልቅ ሰው ጣጣው ውሃው ውስጥ አይደለም፤ ውሃው ጋ እስክትደርሱ ያለችው መንገድ ናት። ጠጠር ነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ ጠጠሩ ምጣድ ይሆናል። ተረከዙ ድፍን የሆነ ፊን (እግር ላይ የሚጠለቅ የዋና መቅዘፊያ) ያላችሁ ሰዎች ይሄንን መንገድ በምን ትሻገሩታላችሁ?

በባዶ እግር ወጪ የለም፣ ፊኑም እግር ላይ ልክክ ይላል። ለአሸዋ ዳርቻ ይበቃል። ግን ጎማው ተረከዝ ይልጣል፤ የባሕር ጃርት የረገጠ ደግሞ እሾሁ ቆዳው ውስጥ ተሰብሮ ይቀርበታል።

እኔ የምመርጠው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን የኒዮፕሪን (የስፖንጅ ጎማ) ካልሲ ነው። መላጥ ይቀራል። በብርዱ ወራት የኤይላት ውሃ ወደ 21 ዲግሪ ስለሚወርድ ሙቀቱም አይናቅም። ሶሉ ላይ ጎማ የተቀባውን ፈልጉ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ አያንሸራትትም። እሾህ ግን ያልፈዋል፣ አትታለሉ። ፊኑን ስትገዙም ካልሲውን አድርጋችሁ ለኩት፣ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት ያስፈልጋል። እኔ በባዶ እግሬ ለክቼ ገዝቼ፣ በኋላ ካልሲ ጨምሬበት፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ባቴን ቁርጠት ይዞኝ ወጥቻለሁ።

ጠጠሩን ለመሻገር ከካልሲው ላይ ፕላስቲክ ጫማ ደርቡ። አዎ፣ የኛው ኮንጎ ዓይነት! ርካሽ ነው፣ ውሃ አይዝም፣ ማሰሪያ ስላለው ማዕበል አይነጥቀውም። ነጠላ ጫማ ግን ይቅር፣ ገና ጉልበታችሁ ጋ ሳትደርሱ ተንሳፎ ይሄዳል። ፊኑን ስታጠልቁ ጫማውን አውልቃችሁ ጃኬታችሁ (በአየር የሚነፋው የጠላቂ ሰደርያ) ቀለበት ላይ አንጠልጥሉት።

ሁልጊዜ የምትገቡት በትልልቅ ቋጥኝ መሃል ከሆነስ? እንግዲህ ድፍኑን ፊን ተዉት። ተረከዙ ክፍት የሆነውን ከነወፍራም ቡቱ ግዙ፤ ዋጋውም ክብደቱም ይጨምራል፣ ግን እግራችሁ ይተርፋል። ቡቱን ድፍን ፊን ውስጥ ለመጠቅጠቅ ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ፊን የሚገዛ ሰው አይቻለሁ፣ ፊኑ በየምቱ ይወላገዳል።

አገባቡ ላይ ፊን አጥልቃችሁ አትራመዱ፣ ግድ ከሆነም ወደ ኋላ ሂዱ። ጃኬቱን ንፉ፣ ማስኩን አድርጉ፣ መተንፈሻውን ጎርሱ፣ ፊኑን በእጅ ይዛችሁ እስከ ወገብ ግቡ። ከዚያ የጓደኛን ትከሻ ይዞ አንዱን እግር ሌላው ጉልበት ላይ አጣጥፎ ማጥለቅ ነው። አሸዋ ላይ እግራችሁን እየጎተታችሁ ሂዱ፣ የተቀበረ መርዛም ዓሣ ካለ ሰምቶ ይሸሻል። ድንጋይ መሳዩ ዓሣ ግን አይሸሽም፤ ከወጋችሁ ቁስሉን የማያቃጥል ግን በጣም ትኩስ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ሐኪም ጋ ሩጡ። የኤይላት የኮራል ዳርቻ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ለመግቢያ በተሠራው ድልድይ ግቡ፣ ኮራል አይረገጥም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጫማውን የገባችሁበት ቦታ ትታችሁ እንዳትሄዱ። ሞገዱ ሃምሳ ሜትር ወዲያ ካወጣችሁ፣ ያቺ ሃምሳ ሜትር በቀትር እንዴት እንደምታስጨፍር እኔን ጠይቁኝ።