የአንድ ቀን የስካውት ታሪክ ጉብኝት ወደ ኒዬሪ፦ ቦታው ይናገራል፣ አስጎብኚው ይዘላል

ከናይሮቢ በስተሰሜን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በኬንያ ተራራና በአበርዴር ሰንሰለታማ ተራሮች መካከል የምትገኘው ኒዬሪ ለአብዛኛው መንገደኛ የቡናና የሻይ አገር ናት። በስካውት ዓለም ግን የእንቅስቃሴው መሥራች ሎርድ ባደን ፓወል የመጨረሻ ዘመናቸውን የኖሩባትና የተቀበሩባት ከተማ በመሆኗ ከሩቅ አገር ሳይቀር ጎብኚ ይመጣባታል። በናይሮቢ የሚሠራ አንድ አስጎብኚ ድርጅት የምሥራቅ አፍሪካን የስካውት ታሪክ አሳያለሁ እያለ የሚሸጠውን የአንድ ቀን ጉብኝት ከሁለት ታዳጊ ልጆች ጋር ተከታትዬዋለሁ። ቦታዎቹ ከጠበቅሁት በላይ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ፤ በመንገድ ላይ የተሰጠን ገለጻ ግን ከታሪኩ ውስጥ ለእኛ ለአፍሪካውያን ይበልጥ የሚጠቅመውን ክፍል ትቶ የሚያልፍ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ማረፊያ በአውትስፓን ሆቴል ግቢ ውስጥ ያለችው ፓክስቱ የተባለች አነስተኛ ቤት ናት። ሆቴሉን የመሠረቱት ኤሪክ ሸርብሩክ ዎከር ቀደም ሲል የባደን ፓወል የግል ጸሐፊ ነበሩ፤ በአበርዴር ጫካ ውስጥ በዛፍ ላይ የተሠራውን፣ ልዕልት ኤልሳቤጥም በፌብሩዋሪ 1952 አባታቸው ያረፉበትን ሌሊት ያሳለፉበትን ትሪቶፕስ የተባለ ማረፊያ ያሠሩትም እሳቸው ናቸው። ባደን ፓወል በ1935 ኒዬሪን ጎብኝተው ስለወደዷት፣ በ1938 ከባለቤታቸው ከኦላቭ ጋር ተመልሰው በዚህች ቤት መኖር ጀመሩ፤ ጃንዋሪ 8 ቀን 1941 እስካረፉ ድረስም ከዚያ አልወጡም። ቤቷ የዓለም ዋና ስካውት ተብሎ የተሾመ የጦር ጄኔራል ኖሮባታል ለማለት እስከሚያስቸግር ድረስ ቀላል ናት። የእሳት ማንደጃ፣ ጥቂት ፎቶግራፎችና የኬንያን ተራራ በጠራ ቀን የምታሳይ በረንዳ አሏት። ከግድግዳው የማይጠገበው ግን ከየአገሩ የመጡ ስካውቶች ትተዋቸው የሄዱት የአንገት ስካርፎችና ባጆች ናቸው፤ ልጆቹ የየትኛው አገር እንደሆነ እየገመቱ ለረጅም ጊዜ ቆመው ተመልክተዋቸዋል። በኋላም ሰው በላ ነብሮችን በማደንና ኋላም ለዱር እንስሳት ጥበቃ በመከራከር የታወቁት ጂም ኮርቤት ከእኅታቸው ጋር በዚሁ ቤት ኖረዋል።

ሁለተኛው ማረፊያ በቅዱስ ጴጥሮስ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው መካነ መቃብር ነው። የመቃብሩ ድንጋይ ላይ የወንድና የሴት ስካውቶች አርማዎች ጎን ለጎን ተቀርጸዋል፤ ከጽሑፉ ግርጌም መካከሉ ላይ ነጥብ ያለበት ክብ ምልክት ይታያል። ይህ ስካውቶች ጫካ ውስጥ ለሚከተሏቸው ጓደኞቻቸው መንገድ ላይ ከሚተዉዋቸው ምልክቶች አንዱ ሲሆን፣ ትርጉሙም «ወደ ቤቴ ሄጃለሁ» ማለት ነው። ሌዲ ኦላቭ በ1977 ካረፉ በኋላ አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ እዚሁ ከባለቤታቸው ጋር ተቀብሯል፤ ኮርቤትም ከዚያው ብዙ ሳይርቁ ዐርፈዋል። መካነ መቃብሩ ንጹሕና ጸጥ ያለ ነው፤ ኬንያ መቃብሩን የብሔራዊ ቅርስ ቦታ አድርጋ መዝግባዋለች። ለእነዚህ ለሁለቱ ቦታዎች ብቻ እንኳ ጉዞው ያዋጣል።

ቅሬታዬ በአስጎብኚው ላይ ነው። ባለሙያው ትሑትና ሰዓት አክባሪ ነበር፤ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክንም አሳምሮ ያውቃል። ባደን ፓወል በደቡብ አፍሪካ በቦየሮች ጦርነት ጊዜ ከተከላከሏት ከማፌኪንግ ከተማ ከበባ ተነሥቶ፣ ሃያ ያህል ልጆች በአራት ቡድን ተከፍለው በኦገስት 1907 በእንግሊዝ አገር በብራውንሲ ደሴት የሰፈሩበትን የመጀመሪያውን የስካውት ካምፕ ስምንት ቀን አልፎ፣ በኒዬሪ ይደመድማል። በዚህ ትረካ ውስጥ አፍሪካ መልክዓ ምድር ብቻ ናት፤ ጀግናው የሚዋጋባትና የሚያርፍባት ቦታ። ከ1899 እስከ 1900 ለ217 ቀን የዘለቀው የማፌኪንግ ከበባ ሲነሣ፣ መልእክት በማመላለስ ያገለገሉት ልጆች ለስካውት ሐሳብ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ እንደሆኑ ተነግሮናል፤ በከተማዋ የነበሩት ጥቁር ነዋሪዎች ረኀቡን እንዴት እንዳሳለፉት ግን አንድ ቃል አልተነሣም። በ1896 ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር፣ ኡዊኒ የተባለ የአካባቢ መሪ በባደን ፓወል ትእዛዝ በወታደራዊ ችሎት ተፈርዶበት በጥይት መገደሉና ባደን ፓወልም በዚሁ ጉዳይ ምርመራ ተደርጎባቸው ነጻ መባላቸው እንዲሁ ታልፏል። ይህን የምለው የባደን ፓወልን ስም ለማጉደፍ አይደለም፤ አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ሙሉውን ታሪክ ሰምቶ የመመዘን አቅም አለው ብዬ ስለማምን ነው።

ሌላም ለልጆቹ ሊነገራቸው ይገባ የነበረ ነገር አለ። በመላው ዓለም «ውድ ባጅ» (በእንግሊዝኛ የእንጨት ባጅ ማለት ነው) የተባለውን የአሠልጣኝነት ትምህርት የጨረሱ የስካውት መሪዎች በአንገታቸው የሚያንጠለጥሏቸው ትንንሽ የእንጨት ዶቃዎች መነሻቸው የደቡብ አፍሪካው የዙሉ ሕዝብ መሪ የዲኑዙሉ ነው ከሚባል የአንገት ጌጥ ነው። በ1919 በእንግሊዝ በጊልዌል ፓርክ የመጀመሪያው ሥልጠና ሲሰጥ ለተመራቂዎቹ የተሰጡት ከዚያ ጌጥ የተፈቱ ዶቃዎች ነበሩ። እንግዲህ አንድ የአፍሪካ ንጉሣዊ ቤተሰብ ጌጥ በጦርነት መካከል ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ የዓለም አቀፍ ድርጅት ምልክት ሲሆን፣ ይህ በጉብኝቱ ውስጥ የሚዘለል ጉዳይ አይመስለኝም።

ከሁሉ የከፋው ክፍተት ግን የኬንያ ስካውት ራሱ ነው። እንቅስቃሴው ወደ ኬንያ የገባው በ1910 ሲሆን፣ በቅኝ ግዛቱ ዘመን የነጭ፣ የእስያና የአፍሪካውያን ልጆች የሚሰበሰቡት በየዘራቸው ተለይተው ነበር። ሆኖም የስካውት ሕግ አራተኛው አንቀጽ ስካውት ለሌላው ስካውት ሁሉ ወንድም ነው ይላል፤ ይህንን አንቀጽ በቃሉ የሚያጠናው የማዕከላዊ ኬንያው የኪኩዩ ብሔረሰብ ልጅ፣ ወንድም የተባለው የነጭ ልጅ በሌላ ሜዳ ላይ ለብቻው ሲሰለፍ እያየ ሕጉን እንደ ቀልድ ሊያልፈው አልቻለም። ቅኝ ገዥዎቹ ታዛዥ ዜጋ እንዲያፈራ ያመጡት ሥርዓት ለእኩልነት ጥያቄ መነሻ ሆነ፤ ከመንግሥትና ከሚስዮን ቁጥጥር ውጭ የተቋቋሙ ትምህርት ቤቶችም ያለ ፈቃድ የራሳቸውን ስካውት ቡድን እስከማሰለፍ ደረሱ። በተቃራኒው ደግሞ ማው ማው በተባለው የኬንያውያን ፀረ ቅኝ ግዛት የትጥቅ ትግል ወቅት በዋሙሙ የወጣቶች ካምፕ የታሰሩ ልጆችን «ለማረም» ያገለገለው ይኸው የስካውት ሥልጠና ነው። አንዱ ዩኒፎርም ለሁለቱም ወገን ማገልገሉ የዚህ ታሪክ ዋና ነገር ይመስለኛል፤ መቃብሩ የሚገኘውም ትግሉ በተቀጣጠለበት በማዕከላዊ ኬንያ መሐል ላይ ነው። ትሪቶፕስ በ1954 የተቃጠለው በማው ማው ታጋዮች እንደሆነ እንኳ የሰማነው ከአስጎብኚው ሳይሆን ምሳ ላይ ካገኘነው አንድ አዛውንት የአካባቢው ነዋሪ ነው።

ኬንያ በዲሴምበር 1963 ነጻ ስትወጣ ስካውት የቅኝ ገዥ ቅርስ ተብሎ አልተጣለም። በተከታዩ ዓመት በ1964 የኬንያ ማኅበር ራሱን ችሎ የዓለም አቀፉ ድርጅት አባል ሆነ፤ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንትም የበላይ ጠባቂ ናቸው። በእኛ አገር በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በየትምህርት ቤቱ የነበረው ስካውት ከአብዮቱ በኋላ እንዴት እንደከሰመ የሚያስታውስ አንባቢ፣ ከሥርዓት ለውጥ በሕይወት የተረፈውን ይህን የጎረቤት ማኅበር በጥሞና ሊመለከተው ይገባል። አደረጃጀቱም ቀላል ነው። የመሠረቱ ድንጋይ ፓትሮል የሚባለው ከስድስት እስከ ስምንት ልጆች ያሉት ቡድን ነው፤ መሪውም ከልጆቹ መካከል የሚመረጥ ልጅ እንጂ ዐዋቂ አይደለም። ፓትሮሎች ተሰባስበው የአንድ ትምህርት ቤት ቡድን ይሆናሉ፤ ቡድኑን አብዛኛውን ጊዜ የሚመራው ሥልጠና የወሰደ መምህር ነው፤ ከዚያም በላይ የአውራጃና የካውንቲ ኮሚሽነሮች አሉ። ልጆቹ በዕድሜያቸው ሱንጉራ፣ ቺፑኪዚ፣ ምዋምባና ጃሲሪ በተባሉ አራት እርከኖች ይመደባሉ፤ ስሞቹ የስዋሂሊ ሲሆኑ ከጥንቸል ተነሥተው በቡቃያና በዐለት በኩል ደፋር ወደሚለው ያድጋሉ። ሴት ልጆችም አባል መሆን ይችላሉ፤ ከዚህ ሌላ የራሱ ታሪክ ያለው የሴቶች ስካውት ማኅበርም ለብቻው አለ። ለአፍሪካ ክልል የተቋቋመው የዓለም አቀፉ ድርጅት ጽሕፈት ቤት የሚገኘውም በናይሮቢ ነው። ይህን ሁሉ ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ ሦስት ሰዓት በሚጠጋው የመኪና መንገድ ላይ ደግሞ ጊዜ አልጠፋም።

ስለ አገልግሎቱ ሌላው ነገር አጥጋቢ ነው። ተሽከርካሪው ምቹ ነበር፤ መንገዱም በቲካና በሳጋና በኩል እስከ ካራቲና ድረስ ሰፊና ጥሩ ሆኗል። ዋጋው የምሳና የመግቢያ ክፍያን የሚያካትት በመሆኑ ውድ አልለውም፤ ይሁንና ትንሽ ገለልተኛ ቡድን ሆኖ መኪና ተከራይቶ መሄድ ሳይረክስ አይቀርም፤ ሁለቱም ቦታዎች በአንድ ከተማ ውስጥ ስለሆኑ ያለ አስጎብኚም ይገኛሉ። ኒዬሪ ከናይሮቢ ይልቅ ትቀዘቅዛለች፤ ጁላይ ላይ ጉም ስለሚበዛ ተራራውን ማየት የሚፈልግ ሰው በጠዋት መድረስ አለበት፣ ልጅ ይዞ የሚሄድም ወፍራም ሹራብ አይርሳ።

ከአምስት ነጥብ ለቦታዎቹ አራት ተኩል፣ ለጉብኝቱ ገለጻ ሁለት ተኩል እሰጣለሁ። ዕድሜያቸው ከአሥር ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ቤቷና መቃብሩ ብቻ ቶሎ ያሰለቿቸዋል፤ ከፍ ላሉት ግን ወላጅ ወይም መምህር የቅኝ ግዛቱን ዘመን አስቀድሞ ቢያስረዳቸው ጉብኝቱ እጅግ ይበለጽጋል። ፌብሩዋሪ 22 የባደን ፓወልና የባለቤታቸው የልደት ቀን ስለሆነ በዚያ ሰሞን የኬንያ ስካውቶች በብዛት ወደ ኒዬሪ ይጎርፋሉ፤ ሰልፉንና ዝማሬውን ማየት የሚሻ ሰው ያን ጊዜ ይምረጥ፣ በጸጥታ መቃብሩን መጎብኘት የሚሻም ከዚያ ይሽሽ። የዛሬውን ስካውት ማየት የሚፈልግ ደግሞ ወደ ኒዬሪ ከመሄዱ በፊት በናይሮቢ ንጎንግ መንገድ አካባቢ በሚገኘው የሮዋላን ብሔራዊ የስካውት ካምፕ ጎራ ይበል፤ በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ድንኳን የሚተክሉና ገመድ የሚያስሩ ልጆች አያጡም።