ደብረ ብርሃን ያላችሁ ይቺን ፋርማሲስት እወቋት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ነው የምጀምረው፣ ሌላ የምከፍላት ነገር የለኝማ። ጠባሴ አካባቢ የምትሰራ አንዲት ፋርማሲስት ናት። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለችኝ አልጽፍም፣ እሷ ጋር መድሃኒት የገዛ ሰው ግን ማንን እንደምል ወዲያው ይገባዋል።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባዬ ሰው አልሆን አለ። ምግብ እምቢ፣ እንቅልፍ እምቢ፣ ቤተክርስቲያን መሳም እንኳን ተወ። በስንት ልመና ሐኪም አየውና ድብርት ነው ተብሎ ማታ ማታ የሚዋጥ አሚትሪፕቲሊን የሚባል ኪኒን ታዘዘለት። እሺ፣ ይሁን። ግን አባዬ የዚህ አገር ሰው ነው፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ አረቄ ሳይቀምስ አይተኛም። ድሮ የምትቀዳለት እናቴ ነበረች፣ አንድ መለኪያ ትሰጠውና ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች፣ እሱም እየሳቀ ይተኛል። እሷ ከሄደች ወዲህ የሚቆልፍበት ጠፋ፣ መለኪያውም በዛ። ይሄንን የጠየቀን አንድም ሰው የለም! ኪኒኑን የሸጠልን ሰውዬ ወረቀት ላይ "ማታ 1" ብሎ ጽፎ ወረወረልንና ቀጣይ አለ፣ በቃ።

ከዛ የሆነውን አልነግራችሁም፣ ሌሊት ለሽንት ሲነሳ ዞሮበት ደጃፍ ላይ ተዘረረ፣ ጠዋት ብንቀሰቅሰው ብንቀሰቅሰው አይነቃም፣ ሲነቃም ምላሱ ተሳስሮ። አንድ ክሊኒክ ወሰድነው፣ ግሉኮስ ሰቀሉለት፣ ብራችንን ተቀበሉ፣ ምን መድሃኒት ነው የሚወስዱት ያለ የለም። ሌላ ቦታ ደግሞ ጭራሽ እኛ ፊት "በዚህ እድሜዎ አያፍሩም?" ብሎ ያመናጨቀው አለ። አባቴን! ልጆቹን ያስተማረ፣ ሰፈር የሚያስታርቅ ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፣ ሁለተኛ ሐኪም ቤት አታምጡኝ አለ። የሰፈር አማካሪ ደግሞ መች ይጠፋል፣ "በሚጠጣበት ቀን ኪኒኑን ይዝለለው" የሚል መዓት ነው።

ኪኒኑ ሲያልቅ ነው እሷ ጋር የገባሁት። አባዬ አልወርድም ብሎ ባጃጅ ውስጥ ቀርቷል። ማዘዣውን አየች፣ ለማን ነው አለችኝ፣ የት ናቸው አለችኝ፣ ከዛ ባንኮኒውን ትታ ወጥታ እጁን ይዛ አስገባችው፣ የራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። አጎንብሳ ምን ብትለው ጥሩ ነው? "አባባ፣ ማታ ማታ ለብርዱ ምን ቀመስ ያደርጋሉ?"

ይጠጣሉ ወይ አላለችም። አባዬ ሳቀ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ሲስቅ ያየሁት። "አረቄ ነዋ ልጄ፣ ሌላ ምን አለ" ብሎ ለእኛ ለልጆቹ ያልነገረንን መጠን ሁሉ ለእሷ ተናዘዘላት።

ያስረዳችንን በገባኝ ልክ ልንገራችሁ። ኪኒኑም ያደነዝዛል አረቄውም ያደነዝዛል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረብ ሰውየው ከሚችለው በላይ ይሆናል፣ ከተኛበት ሲነሳ ግፊቱ ዝቅ ይልና ይወድቃል፣ ከበዛ ደግሞ ትንፋሽ ድረስ ያሰጋል። ስለ ልብ ምትም ብዙ ነገር ብላኝ ነበር እሱ እንኳን አልገባኝም። ጠላስ ብሎ ጠየቃት አባዬ (ለማህበሩ አስቦ ነው)። ጠላም ጠጅም ቢራም አልኮል ነው አባባ አለችው። መጠጡ ለጊዜው ጭንቀቱን ያስረሳል እንጂ ድብርቱን ራሱን ያባብሰዋል፣ ኪኒኑ የሚሰራውን መጠጡ ያፈርሰዋል። ኪኒን የመዝለሉን ነገር ስነግራት ራሷን ነው የያዘችው፣ የድብርት መድሃኒት እንደ ራስ ምታት ኪኒን አይደለም፣ ስራውን ለመጀመር ራሱ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ፍሉኦክስቲን እንደሚባለው ያለ ሌላ የድብርት ኪኒን ደግሞ ካቆሙት በኋላም ለሳምንታት ሰውነት ውስጥ ይቆያል፣ ስለዚህ አንድ ቀን ዘሎ መጠጣት ምንም አያድንም አለች።

አባዬ ልቡ ተነክቶ "በቃ ከዛሬ ጀምሮ አረቄ አልነካም" ሲል እኔ ደስ ብሎኝ ላጨበጭብ ነበር። እሷ ግን ደነገጠች! በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ካቆመ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ እንደሚጥል በሽታም ሊጥለው ይችላል፣ ኪኒኑንም ቢሆን በራስዎ እንዳያቋርጡ፣ ሁለቱም በሐኪም ነው አለችው። ከዛ እኛው ፊት ሐኪሙ ጋር ደወለች፣ የዛኑ ቀን ከሰዓት እንዲያየን አደረገች። ለራሷ የሸጠችልን ነገር የለም። ሐኪሙ ኪኒኑን ቀየረለት፣ መጠጡንም በክትትል እንዲያቆም አደረገው። አዲሱን ኪኒን እሷ ጋር ስንገዛ ፓኬቱ ላይ አባዬ ያለ መነጽር በሚያነበው ትልልቅ ፊደል "ከመጠጥ ጋር አይወሰድም" ብላ ጻፈችበት። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ስነግራት እዛ እኮ መድሃኒቱ ላይ እንደዚህ የሚል ስቲከር ይለጠፍበታል አለችኝ፣ እኛ አገር ስቲከሯ እሷ ናት በሏት።

አሁን አባዬ ምስጋና ለፈጣሪ ይበላል፣ ይተኛል፣ ማህበሩም ላይ ብርዝ ነው የሚቀዳለት፣ ያሾፉበታል እሱ ግን ምንም አይመስለው። እሷ መንገድ ላይ ስታገኘው ትስመዋለች፣ "ልጄ ናት" እያለ ነው የሚያስተዋውቃት፣ እኛማ ተረስተናል 😄

እባካችሁ ቤታችሁ የድብርት ወይ የጭንቀት መድሃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ሄዳችሁ አናግሯት። አትቆጣም፣ አታሳፍርም፣ ሚስጥር ትጠብቃለች። የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ፣ የግፊቱንም የስኳሩንም የሳሉንም፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ በአንድ ታየዋለች። ጠዋት ሰልፍ ነው፣ ከሰዓት ይሻላል፣ በገበያ ቀን ግን አትሞክሩት።